በፈቃድ ስለ መድከም

ሰው ከድካም ለመዳን ያወጣው ጥበብ ብዙ ነው። አህያን ጫነ፥ በቅሎን ለጐመ፥ መንኰራኵርን ሠራ፥ የብረት ሐዲድ ዘረጋ፥ ኋላም በሰማይ በረረ። የድሬዳዋ ከተማ ራሷ የዚህ ጥበብ ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ባይደርስባት ኖሮ በደቻቱ ወንዝ ዳር ይህን ያህል ከተማ ባልቆመም ነበር። ነጋዴው ከግመሉ ጋራ ብዙ ቀን ይደክምበት የነበረውን በረሃ ባቡሩ በአጭር ጊዜ አቋረጠው፤ ሰውም እሰየው አለ እንጂ ድካማችን ቀረብን ብሎ ያዘነ አልተገኘም።

እንግዲህ ድካም የሚሸሹት ነገር ከሆነ፥ ማንም ሳያስገድደው፥ መኪናውን በመንገድ ዳር አቁሞ፥ በገዛ እግሩ በበረዶ ላይ ተራራ የሚወጣ ሰው ምን ሊባል ነው? የሚወጣው እንጨት ሊለቅም አይደለም፥ የጠፋ ከብት ሊፈልግም አይደለም፥ ጠላትም አያሳድድም። ወጥቶ ይወርዳል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ይህንም ሰው ማመስገን ይገባል ወይስ ማዘን?

ጥያቄው እንዲሁ የተፈጠረ አይደለም። በአሜሪካ አገር በአይዳሆ ግዛት በቦይዚ ከተማ የሚገኝ ዊንተር ዋይልድላንድስ አላያንስ የተባለ ማኅበር እንዲህ ላሉት ሰዎች የተንቀሳቃሽ ሥዕል በዓል እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. አቋቁሟል። በዓሉ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራል፤ የየስፍራው ሰዎች በማታ በአዳራሽ ተሰብስበው አጫጭር ሥዕሎችን ያያሉ። የሥዕሎቹም ነገር በክረምት፥ ሰው በማይኖርበት በበረዶ በተሸፈነ ተራራ ላይ፥ ያለ ሞተር በሰው ጉልበት ብቻ የሚደረግ ጉዞ ነው። (ክረምት ማለት በዚያ አገር ታኅሣሥና ጥር መሆኑን አንባቢ ያስተውል፤ የድሬዳዋ ሰው በጋ በሚለው ወራት ማለት ነው።) ማኅበሩ ይህን የሚያደርገው ያ ምድር ከሞተር ጩኸት ተጠብቆ ጸጥታው እንዳይጠፋ ስለሚሻ ነው።

የጉዞው ሥርዐት እንደዚህ ነው። ተጓዡ ከእግሩ ሥር ረጅምና ጠባብ ሳንቃ ያስራል፤ ይህንም ስኪ ይሉታል። ሳንቃው ቁልቁል እንዲንሸራተት የተበጀ ስለ ሆነ ሽቅብ ለመውጣት አይመችም፤ ስለዚህ ከበታቹ ጠጕሩ ወደ ኋላ የተኛ ቁርበት ይለጠፍበታል። ቁርበቱ ቀድሞ ከባሕር እንስሳ የተገፈፈ ነበር፥ ዛሬ ግን በፋብሪካ የተሠራ ነው። ጠጕሩ ሳንቃውን ወደ ፊት ያሳልፈዋል፥ ወደ ኋላ ግን አይለቀውም። ሰውየውም እግሩን ከእግሩ እያስቀደመ ሦስት አራት ሰዓት ይወጣል፤ ከጫፉ ሲደርስ ቁርበቱን ልጦ ይጠቀልልና ግማሽ ቀን የደከመበትን ዳገት በጥቂት ደቂቃ ይወርደዋል። በዚያው አገር ሰውን በብረት ገመድ አንጠልጥሎ እስከ ተራራው ራስ የሚያወጣ መሣሪያ ሞልቷል፤ ገንዘብ ከፍሎ መቀመጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እነዚህ ሰዎች ግን ይህን ትተው ነው የሚደክሙት። ድካሙም ብቻ አይደለም፤ የበረዶ ናዳ ከላይ ተንዶ ተጓዡን ከነሕይወቱ የሚቀብርበት ጊዜ አለ።

ይህን ሥዕል አንድ ሰው ወደ ድሬዳዋ አምጥቶ ቢያሳይ ምን ይባል ይሆን? በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የሲኒማ ቤት ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ብሎት እንደ ነበረ ይታወቃል፤ ያ ዘመን ግን አልፏልና ዛሬ ተመልካቹን የሚያስደነግጠው የሥዕሉ መንቀሳቀስ አይሆንም። ከከዚራም ይምጣ ከመጋላ፥ የሚያስደንቀው የሰውየው ድካም ምክንያት ማጣቱ ነው።

በከተማይቱ ዙሪያ ካሉት ኰረብቶች በማለዳ እንጨትና ከሰል በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ከእነርሱ አንዲቱ በአዳራሹ ብትቀመጥና ያንን ሰው በበረዶ ላይ ጓዙን ተሸክሞ ሲያዘግም ብታየው፥ «ምስኪን፥ አህያ የለውምን?» ማለቷ አይቀርም። በአነጋገሯ የሚሥቅ ቢኖር ቅሉ እውነቱ ከእርሷ ጋራ ነው። በሰው ጉልበት ብቻ የሚለው ቃል በቦይዚ አዳራሽ የክብር ስም ነው፤ ለእርሷ ግን የችጋሯ ስም ነው። ሞተርን ንቆ መተው የሚችል ሞተር ያለው ነው። ጫማውን አውልቆ በሣር ላይ በመሄዱ ደስ የሚለው ጫማ ያለው እንደ ሆነ ሁሉ፥ በእግር መሄድን የሚያወድሰው ለመቀመጥ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ የዚህ ዐይነቱ ድካም ሁሉ የባለጠጋ ጨዋታ ነው፥ ለድኻም ስድብ ነው የሚል ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ክርክሩ እንዲያው እንዳይረታ የሚያደርግ ነገር በዚያችው በድሬዳዋ ደጅ አለ። የቁልቢ ገብርኤል በዓል በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን ይከበራል። ቤተ ክርስቲያኑን መጀመሪያ ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ እንዳሠሩት ይነገራል፤ ዛሬ የሚታየው ሕንጻ በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው። ከድሬዳዋ እስከ ቁልቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ቁልቢ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ በመካከሉም እየተጠማዘዘ የሚወጣው የደንገጎ ዳገት አለ። በታኅሣሥ ሌሊት በቈላው ልብስ የወጣ ሰው ከደጋው ሲደርስ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጨዋል። አውቶቡስ አለ፥ የጭነት መኪናም አለ፤ ሆኖም እጅግ ብዙ ሰው በእግሩ ይወጣል። ልጅዋን ያዘለች እናት ትወጣለች፤ ሽማግሌ በምርኵዝ ይወጣል። ከዚህም አልፎ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ የሚወጣ አለ።

እነዚህ ሰዎች ባለጠጎች ናቸውን? አይደሉም። ብዙዎቹ በዓመቱ ቀን ሁሉ ሸክም የለመዱ ናቸው። በዓሉ ሲደርስ ያርፉ ይሆናል ቢባል፥ እነርሱ ግን በለመዱት ድካም ላይ ሌላ ድካም፥ በሸክማቸው ላይ ድንጋይ ጨመሩ። እንግዲህ በፈቃድ መድከም የጠገበ ሰው ቅንጦት ብቻ ነው የሚለው ነገር እዚህ ላይ ይሰበራል። ምናልባትም ከዚህ የሚበልጥ ነገር ይታይ ይሆናል፤ ዘመኑን ሁሉ ለሌላ ሰው ሲሸከም የኖረ ትከሻ፥ አንድ ቀን ራሱ የመረጠውን ሸክም ሲሸከም የራሱ ጌታ ይሆናል። እንጨት ተሸካሚዋ ሴት በማለዳ የምትወርደው ልጆቿ እንዳይራቡ ነው፤ በታኅሣሥ 18 ማታ ግን ያንኑ ዳገት ስትወጣው የሚያዛት ሰው የለም።

የተማረ ተከራካሪ ግን ዝም አይልም። «የቁልቢው ተሳላሚ ዋጋ ፈልጎ ነው የሚደክመው» ይላል፤ «ልጅ ብትሰጠኝ፥ ከደዌ ብታድነኝ ብሎ የተዋዋለውን ውል ሊከፍል ይሄዳል እንጂ በከንቱ አይሄድም። በበረዶው ላይ የሚወጣው ሰው ግን ከማንም ምንም አይጠብቅም፤ ስለዚህ ድካሙ ከተሳላሚው ይልቅ ንጹሕ ነው።» ይህ አሳብ ሲሰሙት ያምራል፤ ሲመረምሩት ግን የስለትን ነገር ያላወቀ ሰው አሳብ ነው። ስለት የሚገባው ከተቀበሉ በኋላ ነው። ልጁ ተወልዷል፥ ሕመምተኛው ድኗል፤ ውሉን የሚያስፈጽም ዳኛ የለም፥ ባለ ዕዳውን የሚይዝ ዋስ የለም። ሰውየው ከቤቱ ቢቀር ማን ይጠይቀዋል? ያለ ጠያቂ የሚከፈል ዕዳ ከንግድ ውል ጋራ አንድ አይሆንም፤ ስሙ ምስጋና ነው። በበረዶው ላይ የሚወጣውም ሰው ቢሆን ምንም አይጠብቅም ማለት ትክክል አይደለም። ደስታን ይጠብቃል፥ የራሱን ጉልበት መጨረሻ ማወቅን ይጠብቃል፥ በከተማ ያጣውን ጸጥታ ይጠብቃል። እነዚህን መሻት ነውር የለበትም።

ቀላሉን መንገድ ትቶ ከባዱን መምረጥም በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣው ሰው ዛሬም በገመድ ተንጠልጥሎ ነው የሚወጣው። ንጉሥ ገብረ መስቀል ለሕንጻው ሥራ መወጣጫ አሠርተው ሳለ አቡነ አረጋዊ ሥራው ሲያልቅ እንዲፈርስ እንዳዘዙ፥ የደብሩም ስም ከዚህ እንደ መጣ ይተረካል። መወጣጫውን ያፈረሰ ሰው ድካምን ለድካምነቱ የወደደ አይመስልም፤ በድካሙ ውስጥ የሚጠበቅ ሌላ ነገር ስላየ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ሰውየው ለምን ደከመ ብቻ ሳይሆን ድካሙ ምን ይጠብቃል፥ ማንንስ ያስከፍላል የሚለው ነው።

ስለ መክፈል ሲነሣ የእንግሊዛዊውን የሮበርት ስኮትን ታሪክ ማሰብ ይገባል። ስኮት ወደ ደቡብ ዋልታ ከመሄዱ አስቀድሞ በጻፈው መጽሐፍ፥ በውሻ ተስቦ የሚደረግ ጉዞ ሰዎች በገዛ ጉልበታቸው ብቻ መከራን ተጋፍጠው የሚያደርጉትን ጉዞ በክብር እንደማይተካከለው ገልጦ ነበር። የቦይዚው ማኅበር ገና ሳይታሰብ የማኅበሩን አሳብ የተናገረ ሰው ነው ማለት ይቻላል። በመጨረሻው ጉዞው ፈረስም፥ ሞተርም፥ ውሻም ይዞ ቢነሣም፥ ከታላቁ የበረዶ ዳገት ጀምሮ ግን እርሱና ባልንጀሮቹ በትከሻቸው ጠፍር አስረው ጓዛቸውን በተንሸራታች ላይ ጐተቱ። በ1904 ዓ.ም. አምስት ሆነው ከዋልታው ሲደርሱ የኖርዌዩ ሮአልድ አሙንድሰን ከአንድ ወር በላይ ቀድሟቸው ሰንደቁን ተክሎ አገኙ። በመመለሻቸውም አንድ ሳይቀር ሁሉም ሞቱ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የሞቱበት ድንኳን ስንቅ ከተከማቸበት ስፍራ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የራቀ ነበር።

አሙንድሰንና አራቱ ባልንጀሮቹ በደኅና ተመለሱ። እርሱ በውሾች ተጓዘ፤ ከዋልታው ጉዞ ሲነሣ 52 ውሾች ነበሩት፥ ሲመለስ 11 ቀሩት፤ የቀሩትም በየመንገዱ እየታረዱ ለሰውና ለውሻ ምግብ ሆነዋል። እንግዲህ ማን ነው የተሻለ? የስኮትን ክብር የሚያደንቅ ሰው አራት ባልንጀሮች ከእርሱ ጋራ እንደ ሞቱ መርሳት አይገባውም። የአሙንድሰንን ጥበብ የሚያደንቅም የታረዱትን እንስሳት መርሳት አይገባውም። ሆኖም ሰው ለራሱ ክብር ብሎ የመረጠውን ከባድ መንገድ ሌላውን አስከትሎ ሲሄድበት ሒሳቡ ይከብዳል፤ ባልንጀሮቹ በፈቃዳቸው ተከትለውታል ቢባል እንኳ፥ አለቃ የወደደውን የማይወድ ጭፍራ ጥቂት ነው። ዛሬም በበረዶ ናዳ የተቀበረውን ሰው ለማውጣት ሌሎች ሰዎች በዚያው ናዳ ሥር ይገባሉ። በአንድ ሰው ደስታ ሌላው ነፍሱን ያስይዛል ማለት ነው። በእነዚህ ሥዕሎች ፊት አዳራሹ ሲያጨበጭብ ይህ ነገር ሳይነሣ ቢቀር ጭብጨባው የጐደለ ነው።

ስለ ስኮት አንድ ነገር ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። ባልንጀሮቹ እየሞቱ፥ ምግቡ እያለቀ፥ 16 ኪሎ ግራም ያህል ድንጋይ እስከ መጨረሻው ሲጐትቱ ነበር። በድንጋዩ ላይ የጥንት ዛፍ ቅጠል ቅርጽ ታትሞ ነበርና ያ የበረዶ ምድር በጥንት ዘመን ዛፍ ያበቅል እንደ ነበረ ለሊቃውንት ምስክር ሆነ። የቁልቢውን ድንጋይ ተሸካሚ ሞኝ የሚል የተማረ ሰው ቢኖር ይህን የሊቃውንት ድንጋይ ቢያስብ መልካም ነው። ለሁለቱም ሸክሙ ከራሳቸው ለሚበልጥ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ሥዕሉ ነገር መመለስ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ በዚያ ነውና። የደከመ ሰው ድካሙን ለሰው ማሳየቱ ተገቢ ነውን? ጾምን እንኳ በስውር እንዲጾሙ የታዘዙ ካህናት ይህን ጥያቄ ማንሣታቸው አይቀርም።

ድካምን ለሰው ዐይን ማቆም ሲኒማ ያመጣው ነገር አይደለም። ከአክሱም ነገሥታት አንዱ ሠራዊቱን እየመራ የወጋቸውን አገሮች በዐዱሊስ ወደብ በድንጋይ ዙፋን ላይ በግሪክ ቋንቋ አስቀርጾ ነበር፤ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ካሌብ ዘመን ጽሕፈቱን ስለ ገለበጠው እስከ ዛሬ ቈይቷል። ንጉሡ ከተከዜ ወዲያ ባሉት በሰሜን ተራሮች ውጊያ ባደረገ ጊዜ፥ ስፍራው በረዶና ውርጭ የማይለየው እንደ ሆነ፥ ሰውም በአመዳዩ ውስጥ እስከ ጕልበቱ እንደሚሰምጥ ይናገራል። በኢትዮጵያ ምድር ስለ ተደረገ የበረዶ ጉዞ ከሚገኙት ወሬዎች ጥንታዊው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ድንጋዩም የቆመው የሩቅ አገር ነጋዴ ከመርከብ ወርዶ እንዲያነበው በወደብ ነው። እስከ ጕልበቱ የሰመጠው ወታደር ግን ስሙ አልተጻፈም።

የሲኒማውም ነገር ይህን ይመስላል። ኸርበርት ፖንቲንግ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ከስኮት ጋራ ወደ በረዶው ምድር ሄዶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. ሥዕሉን አሰናድቶ ለሕዝብ አሳየ። በሥዕሉ ውስጥ ስኮትና ባልንጀሮቹ ጓዛቸውን ሲጐትቱ፥ ድንኳን ሲተክሉ፥ ምግብ ሲያበስሉ ይታያሉ። ይህ ሁሉ ግን ከጉዞው አስቀድሞ በሰፈራቸው አጠገብ ለመሣሪያው ሲባል የተደረገ ነው፤ ፖንቲንግ እስከ ዋልታው አልተከተላቸውም። ተመልካቹ በአዳራሽ ተቀምጦ ያለቀሰለት ድካም የድካም ልምምድ ነበር። እውነተኛው ድካም በተደረገበት ስፍራ ሥዕል አንሺ አልነበረም። ዛሬ መሣሪያው ቀሎ በኪስ ስለሚያዝ ሥዕል አንሺው ከተጓዡ ጋራ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ቀድሞት ይወጣል፥ ከእርሱ የከበደ ጓዝ ይሸከማል፥ በብርድ ቆሞ ይጠብቀዋል። ጀግናው ሲመጣ ተመልካቹ ያየዋል፤ አስቀድሞ በዚያ የደረሰውን ግን አያየውም። በስውር የሚደረገውን ድካም በሲኒማ ውስጥ የሚሻ ሰው እርሱን ይፈልግ።

ይህን ስንኳ ብሎ፥ ድካም ስለ ታየ ብቻ ዋጋውን ያጣል ማለት ግን ከልክ ያለፈ ፍርድ ነው። የቁልቢውም መንገደኛ በአደባባይ ይታያል። ፍርዱ የሚለየው ሰውየው ተመልካች ባይኖር ኖሮ ያደርገው ነበርን በሚለው ነው፤ ይህን ደግሞ ከራሱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ለዚህ ጥያቄ ግን ከሌሎች ይልቅ ግልጥ የሆነ አንድ ኢትዮጵያዊ አለ።

ሮቤል ተክለ ማርያም በአዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያ በስኪ መሄድን ተማረ። በ1998 ዓ.ም. በጣሊያን አገር በቱሪን በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ገባ፤ በክረምት ኦሊምፒክ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነበር፥ ብቻውንም ነበር። በ15 ኪሎ ሜትር ሩጫ 83ኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ በ2002 ዓ.ም. በካናዳ በቫንኩቨር ተመልሶ 93ኛ ሆነ። በአበበ ቢቂላ አገር ከፊተኞቹ ያልሆነ ሯጭ ብዙ እንደማይነሣለት የታወቀ ነው፤ እርሱም እንደማያሸንፍ ሳይነሣ ያውቅ ነበር። በኢትዮጵያ ሳለ በረዶ ስለሌለ መንኰራኵር ያለው ስኪ አስሮ በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። በአጠገቡ የሚያልፈው ባለ መኪና ምን ብሎ እንዳሰበ መገመት አያስቸግርም። ለሽልማት ቢሆን ኖሮ በቱሪን ይበቃው ነበር።

ሥዕሉ እንግዲህ በድሬዳዋ ይታይ ወይስ አይታይ ለሚል ሰው መልሱ ይታይ ነው። ወጣቶቹ ይዩት፤ እንጨት ተሸካሚዋም መግቢያ ሳትከፍል ትግባ፥ ስለ አህያው ያላትንም ትጠይቅ። የሚያሳየው ሰው ግን ቀኑን ይጠንቀቅ፤ በታኅሣሥ 18 ማታ ካደረገው ከሕዝቡ እኩሌታው በደንገጎ ዳገት ላይ ስለሚሆን አዳራሹ ባዶ ይሆንበታል።